ናሱን ትቼ አልሙኒየሙን የመረጥኩ ጊዜ

አጣሂርን ውሃው የወሰደው አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። የእሱንም የእኔንም ስም ለውጫለሁ፤ ሌላው ነገር ግን እንደሆነው ነው። ሳልደብቅ ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያኔውኑ መናገር የነበረብኝን ስላልተናገርኩ አሁንም ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ለራሴ ማድላት ይቀናኛል። እንዳላደላ እየታገልኩ ነው የምነግራችሁ።

ያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ ኮሌጅ የብረታ ብረት አሰልጣኝ ነበርኩ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ዲግሪዬን ይዤ እዚሁ ተቀጠርኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። በመንደራችን «መምህር ሰይድ» መባል ቀላል ነገር አይደለም፤ አባቴ እንኳ ሰው ፊት ሲጠሩኝ «መምህር» ይሉኝ ነበር። እኔም ወደድኩት። በጣም ወደድኩት።

አጣሂር የወርክሾፓችን ረዳት ነበር። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። የመንጌ ወረዳ ሰው ነው፣ ከበርታ ብሔረሰብ። ከአባቱ ጋር ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥብ አድጎ፣ በኋላ የውሃ መሳቢያ ሞተር መጠገን ለምዶ፣ ወፍጮ ሲፈታ፣ ባጃጅ ሲፈታ ኖሮ ነው ወደ ኮሌጁ የመጣው። ዲፕሎማ የለውም። እጁ ግን ብረት ያውቃል። ብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖው፣ ድምፁን ሲቀይር ከግቢው ማዶ ሆኖ «ቢላዋ ደንዝዟል» ይል ነበር።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል፤ «አንቱ» ማለት አይችልበትም፤ ቃል ሲጠፋው አረብኛ ይጨምርበታል። ሰልጣኞች ይስቁበት ነበር። እኔ አልስቅም። ፈገግ ግን እል ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሳቁት የምከፋው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም እነሱ የሳቁት በአማርኛው ብቻ ነው። እኔ ንግግሩ ስለተሰባበረ እውቀቱም የተሰባበረ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብዬ ለራሴ ነግሬው አላውቅም፤ የማደርገው ግን እንደዚያ ነበር።

ጀልባዋን የሠራናት ለአንድ ግድብ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ለመስኖ የተሠራ አነስተኛ ግድብ አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ደለል ይገባበታል። ባለሙያዎቹ ጥልቀቱን የሚለኩት በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ ተቀምጠው፣ ክብደት የታሰረበት ገመድ እየጣሉ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዱ ተገልብጦ ለጥቂት ተርፏል። የኮሌጃችን ዲን ይህን ሰምተው ጠሩኝና «በሪሞት የምትሄድ ጀልባ ሠርታችሁ መለኪያውን እሷ ትሸከመው። ሰው ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም» አሉኝ።

ሰው ውሃ ውስጥ እንዳይገባ። ጀልባዋ የተሠራችበት ምክንያት ይኸው ነው።

ቀፎዋን ከኮምፔንሳቶ ሠርተን በፋይበር ለበጥናት። ሞተሩ ከአሮጌ ድሪል የወጣ ነው። ሪሞቱን ከአዲስ አበባ አስመጣን። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የቀረን አንድ ቱቦ ነበር።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ሞተሩ ከጀልባዋ ውስጥ ነው፣ ፕሮፔለሩ ከውጭ፣ ከውሃው በታች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ ስቴንለስ የሚባል የማይዝግ ብረት ዘንግ ነው። ያ ዘንግ የጀልባዋን ሆድ በስቶ የሚወጣው በአንድ ቱቦ ውስጥ አልፎ ነው። ቱቦው ዘንጉ ሳይንገዳገድ እንዲዞር ይይዘዋል፤ ውሃም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ከውጭ የማይታይ፣ ማንም መጥቶ የማያደንቀው ዕቃ ነው። ግን እሱ ከተበላሸ ጀልባ የለም።

ጠረጴዛው ላይ ያገኘነውን ሁሉ ደረደርን። የኤሌክትሪክ መስመር የሚቀበርበት ፕላስቲክ ነበረ፤ ሲሞቅ ይጣመማል፣ ተውነው። የፍሪጅ መዳብ ነበረ፤ በእጅ ይታጠፋል፣ ተውነው። ተራው የብረት ቱቦ በወር ውስጥ ይዝጋል። የቀረኝ ከአሮጌ የቴሌቪዥን አንቴና የቆረጥኩት አልሙኒየም ነበር። ቀላል፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ንድፉን በእሱ ልክ ሠርቼ ለዲኑ አሳይቼ ነበር።

በማግስቱ አጣሂር የጠቆረ ቱቦ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

«መምህር ሰይድ፣ ይቺን ተመልከት።»

«ምንድን ነው?»

«ናስ ነው። የተባይ መድኃኒት መርጫ ዘንግ ነበረች፣ አሮጌ። በአመድ አጥቤዋለሁ። ሦስት ጊዜ።»

በመዳፌ መዘንኩት። «ይከብዳል።»

«ትንሽ ይከብዳል። ግን ናስ እና ስቴንለስ ይስማማሉ። እዚህ ጫፍ አንድ ቦኮላ፣ ዘንጉን የምትይዝ ቀለበት፣ እዚያ ጫፍ አንድ ቦኮላ። መሃሉ ዘንጉ ምንም አይነካም። ግራሶ ሙላው። አሸዋ አይገባም።»

«አልሙኒየሙ ምን ሆነ?»

አንቴናውን አነሳና በጥፍሩ ጫረው። ጥፍሩ ምልክት ተወ። «አልሙኒየም ለስላሳ ነው። የግድቡ ውሃ አሸዋ አላት። አሸዋ ገባች፣ ዘንጉ ቱቦውን በላው፣ የተበላው ዱቄት ሆነ፣ ዱቄቱ ዘንጉን ያዘው። ኸላስ። ቆመ። እኔ መንጌ ስንት ፓምፕ እንዲህ ሆኖ አየሁ።»

«ይሄ ፓምፕ አይደለም አጣሂር።»

«ዘንግ ዘንግ ነው፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ።»

ሁለት ሰልጣኞች እያዩን ነበር። አንደኛው ፈገግ አለ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። በእኔ መሰለኝ። ንድፉን ዘርግቼ የክብደቱን ስሌት አሳየሁት፤ ናሱን ካስገባን ጀልባዋ ከኋላ እንደምትሰምጥ፣ ቦኮላ ለመቅረጽ ጊዜ እንደሌለን ተናገርኩ። ስሌቱ ትክክል ነበር። ግን ባትሪውን አንድ ስንዝር ወደ ፊት ብገፋው ችግሩ ይፈታ እንደነበር ያኔም አውቄዋለሁ። እሱ ንድፉን ማንበብ እንደሚቸግረውም አውቄያለሁ። ለዚህ ነው የዘረጋሁት።

አጣሂር ወረቀቱን ትንሽ አየና ናሱን በጨርቁ መልሶ ጠቀለለው።

«እሺ መምህር። አንተ ታውቃለህ።»

አልሙኒየሙን አስገባሁ፤ ቦኮላ የለ፣ ግራሶ የለ፣ ቀጭን ዘይት ብቻ። በበርሜል የቧንቧ ውሃ ላይ አሥር ደቂቃ አስነሳናት። እንደ ቅቤ ነው የዞረችው።

«ሰማህ?» አልኩት። «ድምፅ እንኳ የላትም።»

«ውሃው ንጹህ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ማክሰኞ ዕለት ግድቡ ዳር ድንኳን ተተከለ። የውሃ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ዲናችን ነበሩ፣ ወደ አርባ የሚጠጉ ሰልጣኞች ነበሩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ግድቡ ሞልቶ እንደ ሻይ በወተት ደፍርሷል። ከማዶ ወደ እኛ ቀለል ያለ ነፋስ ይነፍሳል። ንፋሱን በፊቴ ላይ አስታውሰዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ትረዳላችሁ።

ጀልባዋን ለቀቅኳት። ሄደች። ሰዉ አጨበጨበ። ወደ ግራ ስላት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስላት ወደ ቀኝ። ከባለሙያዎቹ አንዱ በመለኪያው የሚመጣውን ቁጥር እየጮኸ ሌላው ይመዘግባል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆነ። አጣሂር አጠገቤ ቆሞ ዓይኑን ከውሃው ላይ አላነሳም። የሚያየው ጀልባዋን አይደለም፤ ጆሮውን ነበር የሰጠው።

ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። መጀመሪያ ሻካራ ሆነ፤ ቀጥሎ ማቃሰት የሚመስል ነገር ሰማሁ። ፍጥነት ስጨምር ጭራሽ ቀጥ አለች። ከዳር ስልሳ ሜትር ትሆናለች። ሪሞቱን ወደ ፊት ገፋሁ፣ ወደ ኋላ ሳብኩ። ምንም።

ዲኑ ከድንኳኑ ወጥተው መጡ። «ምን ሆነች?»

«ባትሪ ይመስለኛል» አልኩ።

ባትሪ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሪሞቱ መብራት አረንጓዴ እንደሆነ ነው። አጣሂርም ያውቃል። ዞር ብሎ አየኝ። አስተያየቱ ቁጣ አልነበረበትም፤ ነግሬህ ነበር የሚል ነገርም አላየሁበትም። ይልቅ አንድ ነገር እንደወሰነ ሰው አየኝና ወደ ዲኑ ዞረ።

«አዎ፣ ባትሪ ነው» አለ። «አልቋል።»

ሸፈነልኝ። አርባ ሰልጣኝ ፊት ሸፈነልኝ። ከዚያ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉት ዲኑ።

«ላመጣት።»

«ዋና ትችላለህ?»

«እኔ ወንዝ ዳር ነው የተወለድኩት» አለና ሳቀ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ነፋሱ ከማዶ ወደ እኛ ይነፍስ ነበር ብያችኋለሁ። ጀልባዋ ቀላል ናት። ሞተሯ የጠፋ ቀላል ጀልባ ነፋሱ ወደሚሄድበት ትሄዳለች። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እኔ ግን ዲግሪም ነበረኝ። «ተወው፣ ራሷ ትመጣለች» ማለት እችል ነበር። እንግዶቹ ግን ሰዓታቸውን ያያሉ። ጀልባዬ መሃል ውሃ ላይ እንደ ቆሻሻ ተንሳፍፋ እንዲያዩዋት አልፈለግኩም። በዚያ ላይ ሌላ ሰው ቀድሞ አውጥቶ ዘንጉ ቱቦው ውስጥ መያዙን እንዳያይ ፈራሁ።

አጣሂር ሸሚዙን አውልቆ በሱሪው ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። እኔም ከኋላው ጮኽኩ፦

«አደራ! ፕሮፔለሩን እንዳትይዘው፣ ይጣመማል። ከፊት በኩል ግፋት!»

እጁን አንስቶ እሺ አለኝ። ለአጣሂር የነገርኩት የመጨረሻ ነገር ይህ ነው። ተጠንቀቅ ያልኩት ለፕሮፔለሩ ነው።

በደንብ ይዋኝ ነበር። ክንዱ ረጅም ነው፤ ውሃውን ሳይመታ ነው የሚቀዝፈው። ጀልባዋ ጋ ሊደርስ አሥር ሜትር ያህል ሲቀረው ቆመ። አንድ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ሰልጣኞቹ ደረስኩ ያለ መስሏቸው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ጠለቀ። ወጣ። እንደገና ጠለቀ። ሲወጣ ጮኸ። የጮኸው በአማርኛ አይደለም፤ በበርታ ነው። አራት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፣ በአንድ መስጊድ ሰግደናል፣ ከአንድ ሳህን በልተናል። ከሚለው አንድ ቃል አልገባኝም። ድንኳኑ ስር ከነበሩት ትልልቅ ሰዎችም የገባው የለም። እርስ በርስ ተያየን።

ከሰልጣኞቹ መሃል ሐዋ የምትባል የመንጌ ልጅ ናት የጮኸችው። «እግሬን ያዘኝ ነው የሚለው! መምህር፣ የሆነ ነገር እግሬን ያዘኝ ነው የሚለው!»

የግድቡ ጠባቂ፣ ሽማግሌው አባ ተሰማ፣ ከጎጆአቸው እየሮጡ መጡ። ሁለት ወንዶች ሰልጣኞች ዘለው ሊገቡ ሲሉ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዟቸው።

«እንዳትገቡ! ከስሩ ሽመል ነው! ግድቡን ሲሠሩ ቀርከሃውን ጨፍጭፈው ረጃጅም ጉቶውን ጥለውት ነው የሄዱት! ማን አስገባው? ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ አልፌያቸዋለሁ።

«ከመነዳሪውን አምጡ!» ብለው ዲኑ ጮኹ።

ከመነዳሪው አልነበረም። ጀልባ አለ ተብሎ ከተማ ቢሮ ውስጥ ቀርቷል። ገመድ ተገኘ፤ የድንኳኑን ገመድ ፈትተው ቀጣጠሉት። አንዱ ጫፉን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ሃያ አምስት ሜትር ላይ ገመዱ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ውሃው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጀልባዋ ብቻ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ሰው ይሮጣል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሐዋ መሬት ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ ታለቅሳለች። እኔ ሪሞቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ከእጄ አላስቀመጥኩትም። ነፋሱ እንደዚያው ይነፍሳል። ጀልባዋ ቀስ እያለች፣ እንደ መዞር እያለች መጣች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ እግሬ ስር ያለውን ጠጠር ነካች።

ራሷ መጣች።

ከሰዓት በኋላ በአካባቢው ያሉ ገበሬዎችና የአጣሂር ዘመዶች ደረሱ። እየጠለቁ ፈለጉ፤ ውሃው ደፍርሶ እጅ አያሳይም። ሰው በበዛበት ሰዓት ጀልባዋን አንስቼ ከዛፍ ጥላ ስር ወሰድኳትና ፕሮፔለሩን በጣቴ ላዞረው ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም። ቱቦውን ነቅዬ ዘንጉን በፒንሳ ሳብኩት፤ በብዙ ትግል ወጣ። ከውስጡ ግራጫ ጭቃ ፈሰሰ። አልሙኒየሙ ተበልቶ፣ ከደለሉ ጋር ተቦክቶ፣ ዘንጉ ላይ እንደ ሲሚንቶ ተጋግሮ ነበር። ዱቄት ሆነ፣ ዱቄቱ ዘንጉን ያዘው። ቃል በቃል እንዳለኝ።

ቱቦውን በመሀረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አገኙት። ቀኝ እግሩ በሁለት የሽመል ጉቶዎች መሃል ገብቶ፣ የሱሪው ጫፍ በሌላው ተሰክቶ ነበር። አባቱ ሼህ ኢድሪስ ከመንጌ በጭነት መኪና መጥተው ዳር ላይ ቆመው ጠበቁት። አላለቀሱም። ልጃቸውን ሲያወጡት ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ፈትተው ፊቱን ሸፈኑት። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርነው። እኔም ሰልፉ ውስጥ ቆሜ ሰገድኩ።

ዲኑ ሪፖርት ይዘው መጡ። «ባትሪ ነው ያልከው፣ አይደል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ፈረምኩ።

እስካሁን ያያችሁት ፈሪ መሆኔን ነው። የሚከፋው ቀጥሎ ያለው ነው።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን በአጣሂር ግቢ፣ ማንጎው ስር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠናል። ከኮሌጁ የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባችን አጠገቡ ላለው ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ሲያወራ ሰማሁት። «ምን ታደርገዋለህ፣ ባትሪውን ቻርጅ የማድረግ ሥራ እኮ የራሱ የአጣሂር ነበር። ትንሽ ቢጠነቀቅ...» ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «የአላህ ሥራ ነው» አለ። ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር በዓይኔ አየሁት። ሼህ ኢድሪስ ጋም ደረሰ። አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ ሐዋ አጠገባቸው ተቀምጣ ትተረጉምላቸዋለች። ለካ የእህታቸው ልጅ ናት። ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ አዩ።

«መምህር» አሉኝ በአማርኛ። «አጣሂር ሞተር ያውቃል ይሉኝ ነበር። እንዴት ባትሪውን ረሳ?»

ውሸቴ ያን ጊዜ የት እንደደረሰ ገባኝ። እኔን ለማዳን የጣልኩት ቃል ሞቶ እንኳ ያላረፈውን ሰው እየከሰሰ ነው። እሱ ደግሞ ውሸቱን ያጸናው ለእኔ ብሎ ነው።

ቦርሳዬ ከጎኔ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱቦውን ከዚያ አላወጣሁትም። አወጣሁት። መሀረቡን ፈታሁና ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«ባትሪው አላለቀም ነበር ሼህ ኢድሪስ» አልኩ። «አጣሂር ምንም አልረሳም። ጀልባዋን ያቆማት ይሄ ነው። የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ሌላ አምጥቶልኝ ነበር።»

ሐዋ አልተረጎመችም። አፏን በነጠላዋ ሸፍና አየችኝ። «ንገሪያቸው» አልኳት። ነገረቻቸው።

ሼህ ኢድሪስ ቱቦውን አነሱት። ጫፉ ላይ የደረቀውን ግራጫ ነገር በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ፈተጉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ያጠቡ ሰው ናቸው፤ በጣታቸው መሃል ያለውን ለማወቅ ማንም አላስፈለጋቸውም።

«አሸዋ» አሉ።

«አዎ።»

በበርታ አንድ ነገር ተናገሩ። ሐዋ ወደ እኔ ዞራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ተረጎመች። «ነግሮህ ነበር ወይ? ይላሉ።»

«ነግሮኛል።»

«ሰምተኸው ነበር ወይ?»

«ሰምቻለሁ።»

ሼህ ኢድሪስ ሦስተኛ ጥያቄ ጠየቁ። «እና ውሃ ሲገባ ለምን ዝም አልክ? ይላሉ።»

እንግዶች ነበሩ ልበል? አፈርኩ ልበል? አንገቴን ደፋሁ። ከኋላዬ አንድ ወጣት፣ የአጣሂር ታናሽ ወንድም መሰለኝ፣ ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ሰማሁ። ሼህ ኢድሪስ ቀና ሳይሉ እጃቸውን አነሱና ተቀመጠ።

«እዚህ ያልከውን ቢሮ ሄደህ በል» አሉኝ፤ ይህን በአማርኛ ነው ያሉት። «አሁን ሂድ። እዚህ አትቀመጥ።»

ቱቦውን አልመለሱልኝም።

ከዚያ በቀጥታ ኮሌጅ ሄድኩ። ዲኑ ሪፖርቱን ዘግተው ጨርሰው ነበር። «ሰይድ፣ ይሄን መክፈት ለማን ይጠቅማል?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም «ዋና ትችላለህ?» ብለው ብቻ እንደለቀቁት ስለሚያስቡ እንቅልፍ አጥተዋል። ተቀምጬ በእጄ ጻፍኩት፤ ናሱን፣ አልሙኒየሙን፣ ነፋሱን፣ ሁሉንም። በዚህ ምክንያት ከአሰልጣኝነት ተነስቼ ዓመት ከስድስት ወር ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራሁ። ወሬው መንደራችን ደርሶ አባቴ ጠሩኝ። አልተቆጡኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰው ፊት «መምህር» ብለው አልጠሩኝም፤ «ሰይድ» ይሉኛል።

አሁን ወደ ወርክሾፑ ተመልሻለሁ። ጀልባ መሥራት አልተውኩም፤ ብዙዎች ይህን አይወዱትም፣ እኔም አንዳንድ ቀን አልወደውም። ግን ደለሉ እንደሆነ አለ፤ ጀልባ ካልለካው ሰው ይገባበታል። ስለዚህ እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ብትሠሩ የማውቀውን ልንገራችሁ። ቱቦው ናስ ይሁን። ዘንጉ የሚነካው ሁለቱን ጫፍ ብቻ ይሁን፣ መሃሉን ግራሶ ሙሉት። በንጹህ ውሃ ሞክራችሁ አትመኑ፤ በርሜሉ ውስጥ ሁለት አካፋ የወንዝ አሸዋ ጨምሩና አንድ ሰዓት አስነሷት። መሃል ውሃ ላይ ከቆመች ተዉአት። ዕቃ ናት። ወይ ነፋስ ያመጣታል፣ ወይ ትጠፋለች።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አጣሂር ነው። የተማርኩት ግን እሱ በሕይወት እያለ አይደለም።

ሌላውን ነገር እንዲህ ባለ መመሪያ ልሰጣችሁ አልችልም። ሰልጣኝ ቃል እየፈለገ፣ እየተሰናከለ ሲያስረዳኝ አቋርጬ የመጨረስ ልማድ ነበረኝ። አሁን እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም፤ አሁንም በውስጤ «ገብቶኛል፣ ቶሎ በል» የሚል ሰው አለ። ያንን ሰው አውቀዋለሁ። ምን እንዳደረገ አውቃለሁ። ከሐዋ የበርታ ቋንቋ ጥቂት ተምሬያለሁ፤ ለገበያ ይበቃል፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አይበቃም።

ሼህ ኢድሪስ የልጅ ልጆቻቸውን፣ የአጣሂርን ልጆች፣ ለማየት አልፎ አልፎ አሶሳ ይመጣሉ። ገበያ ቀን መንገድ ላይ ካየኋቸው ከባጃጅ ወርጄ፣ ቆሜ «አሰላሙ አለይኩም» እላቸዋለሁ። «ወአለይኩም ሰላም» ይሉኛል። እጃቸውን አይዘረጉልኝም፤ እኔም የእኔን አልዘረጋም። እስኪያልፉ ቆሜ እጠብቃለሁ።